ካሬ 9 ገና አልተዘጋም፦ «ሰው አያስቀምጥም» የተባለ ቤት ከሚዲየም ጋር ሲመረመር የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1፣ ከሰዓት በኋላ። ጥየቃ

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ሦስት ሰው ይኖርበታል። አቤቱታው አምስት ነው፦ ማታ በላይኛው ኮሪደር የሚሄድ ኮቴ፣ ማንም ሳይነካው የሚከፈት የመኝታ ክፍል በር፣ ሌሊት አልጋ አጠገብ የሚቆም ሰው፣ በኮሪደሩ ጫፍ ሽው የሚል ብርድ፣ በታችኛው የዕቃ ክፍል ደግሞ መጥቶ የሚጠፋ የሽቶ ሽታ።

ሦስቱ ነዋሪዎች ለየብቻ ተጠየቁ። አብረው ከተጠየቁ አንዱ የሌላውን ትዝታ ይዋሳል፤ ሁለተኛው ሰው «እኔም እኮ!» ካለ በኋላ ማን ምን እንደሰማ መለየት አይቻልም። ለእያንዳንዳቸው ባዶ የቤት ፕላንና እርሳስ ተሰጠ። ፕላኑ በ2 ሜትር በ2 ሜትር ካሬ የተከፋፈለ ነው፤ ከ1 እስከ 20 ምድር ቤት፣ ከ21 እስከ 40 ላይኛው ፎቅ። «እዚህ ጋ ሰማህ?» ተብሎ አልተጠየቀም፤ «የት?» ብቻ ነው የተባለው። ቢያንስ ሁለት ሰው ሳይመካከር ምልክት ያደረገበት ካሬ ብቻ ተቆጠረ፤ 6 ሆነ። ዝርዝሩ በፖስታ ታሽጎ፣ በማሸጊያው ላይ ተፈርሞ ተቀመጠ። ሚዲየሟ (የሙታን መንፈስ ይሰማኛል የሚሉት ሴት) ሥራቸውን እስኪጨርሱ ማንም አይከፍተውም።

የሥራ ክፍፍል፦ ጠያቂው የነዋሪዎቹን ቃል ያውቃል፣ ሚዲየሟን ግን አያገኝም። አጃቢው ሚዲየሟን ይዞ ይዞራል፣ ስለ ቤቱ ምንም አያውቅም። መሣሪያ ያዡ ከሁለቱም ጋር ስለ ጉዳዩ አያወራም። ይህን ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አድርገው የሚያዩት ብዙዎች ናቸው። በርሊን ውስጥ ሒሳብ ያሰላል የተባለውን ሃንስ የተባለ ፈረስ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦስካር ፕፉንግስት መርምሮ በ1907 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ያሳየው ግን ይህንኑ ነው፦ ፈረሱ በሰኮናው ሲመታ ትክክለኛው ቁጥር ላይ የሚቆመው ጠያቂው ሳይታወቀው በሚያሳየው ትንሽ የራስ እንቅስቃሴ ነበር። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ፈረሱም አያውቅም። መልሱን የሚያውቅ አጃቢ ሚዲየም ይዞ ከዞረም ሊመጣ የሚችለው ነገር ያው ነው፤ ማጭበርበር አያስፈልገውም።

የካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው መርዛማ የቃጠሎ ጋዝ) ልኬት፦ 0 ፒፒኤም (በሚሊዮን እጅ)፣ በሁሉም ክፍል። (ይህ መስመር ቀን 6 ላይ ተመልሶ ይነበባል። ሲለካ መስኮቶቹ ክፍት ነበሩ።)

ቀን 2። ባዶ ቤት ልኬት

ነዋሪዎቹ ወጥተዋል። ዛሬ የሚሠራው ቤቱ በደህና ጊዜው ምን እንደሚመስል መመዝገብ ነው። ይህ ከሌለ በኋላ የሚመጣ ቁጥር ሁሉ «ተለወጠ» ለማለት አይበቃም።

አራቱ የሙቀት መዝጋቢዎች በመጀመሪያ በበረዶ ውሃ ውስጥ አብረው ተነከሩ፤ በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልለው፣ ለ20 ደቂቃ። ሦስቱ ከ0 ዲግሪ በ0.2 ውስጥ ሆኑ፤ አራተኛው 0.9 አሳየ። አልተጣለም፤ «4 ቁ. — 0.9 ይቀነስ» ተብሎ ተለጠፈበት። በየደቂቃው እንዲመዘግቡ ተስተካክለው ከወለል 1 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቀሉ። እንደ ሽጉጥ የሚያዘው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለዚህ አይሆንም። የሚለካው የአየሩን ሳይሆን ያነጣጠረበትን ግድግዳ ሙቀት ነው፤ መስታወት ወይም የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ካነጣጠረ ደግሞ የሚያነበው በአብዛኛው በነጸብራቅ የመጣውን የሌላ ዕቃ ሙቀት ነው። «በክፍሉ መሃል ቀዝቃዛ ነገር ቆሞ ነበር» የሚለው ዘገባ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከዚህ መሣሪያ ነው።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለው ብርድ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የዕጣን ጭስ በእጅ ተይዞ ቀስ ተብሎ በግድግዳው፣ በወለሉና በጣሪያው ሥር ተዞረ። ካሬ 40 ላይ ጭሱ ወደ ታች ታጠፈ፤ ከራስ በላይ ወደ ጣሪያ ውስጥ መውጫ ክዳን አለ፣ ዙሪያው ክፍት ነው። ውጭ ነፋስ ሲነሳ መዝጋቢው በ20 ደቂቃ 3.5 ዲግሪ ወረደ። ክዳኑ ዙሪያ የስፖንጅ ማሸጊያ ተለጠፈ። ይኼኛው አቤቱታ እዚህ ላይ ተዘጋ።

የመግነጢሳዊ መስክ ልኬት፦ አብዛኛው ቤት ከ0.1 ማይክሮቴስላ በታች። ካሬ 36 ላይ 1.8 ደረሰ፤ ከግድግዳው ጀርባ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን አለ። በመንፈስ አዳኞች ዘንድ በጣም የሚወደደው፣ አምፖሎቹ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ የሚሄዱት ትንሽ መሣሪያ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ከቦታው ሳይነሳ ቢጠማዘዝ እንኳ ንባቡ ይለወጣል፣ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ኔትወርክ ሲፈልግም ይበራል። ለዚህ ሥራ ባለ ሦስት አቅጣጫው ይያዛል፣ ስልክ ሁሉ ይጠፋል። ያም ሆኖ ይህ ቁጥር ስለ መንፈስ ምንም አይናገርም፤ ሽቦ የት እንዳለ ነው የሚናገረው።

ባትሪ፦ «መንፈሱ ባትሪ ጨረሰ» እንዳይባል ሁሉም ከአንድ ፓኮ አዲስ ተከፍተው፣ ቮልቴጃቸው ተለክቶ (1.58 እስከ 1.61) በወረቀት ላይ ተጻፈ። እንደገና የሚሞሉት ባለ 1.2 ቮልት ባትሪዎች አልካላይን ይጠብቅ በነበረ መሣሪያ ላይ ከመነሻው «ሊያልቅ ነው» ያሰኛሉ።

ቀን 3፣ ምሽት። ሚዲየሟ ገቡ

ከመግባታቸው በፊት ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ምስክር ወረቀት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ሁሉ ተነስቶ በሣጥን ገብቷል። አድራሻውን የሰሙት መኪና ውስጥ ነው፤ ስልካቸውን ለአጃቢው ሰጥተዋል። ይህን ሁሉ ያለ ቅሬታ ተቀበሉ። ቅር የሚለው ሚዲየም ካለ ሥራው ባይጀመር ይሻላል።

ቅደም ተከተሉ፦ ደረት ላይ የተሰካ መቅጃ፤ ከወጥ ቤት ጀምሮ ክፍል በክፍል መዞር፤ አንድ ነገር «ሲመጣባቸው» ቆመው ይናገራሉ፣ አጃቢው ሰዓቱንና የካሬውን ቁጥር ብቻ ይናገራል። «እሺ» የለም፣ «እህ» የለም፣ ራስ መነቅነቅ የለም። ሲጨርሱ በፕላኑ ላይ ልክ 8 ካሬ ይመርጣሉ።

3፡15 ገቡ። 3፡26 ላይ ካሜራው ላይኛው የመኝታ ክፍል በር ራሱን በቀስታ ሲከፍት ቀረጸ፤ ያኔ ላይኛው ፎቅ ላይ ማንም አልነበረም። 3፡40 ካሬ 9፣ የዕቃ ክፍሉ፦ «አሮጊት ሴት፣ ሽቶ፣ አበባ አበባ የሚል።» 3፡52 ካሬ 33፣ መኝታ ክፍሉ፦ «ራሴን ጫን አለኝ። እዚህ የሚተኛ ሰው ደህና እንቅልፍ የለውም። እግርጌ የሚቆም አለ።» 4፡05 ካሬ 27፣ ኮሪደር፦ «የሚመላለስ።»

ሁለት ስህተት ተመዝግቧል። አንደኛው፣ ካሬ 14 ላይ ሲቆሙ አጃቢው አፉ አምልጦት «እርግጠኛ ነዎት?» አለ፤ ሚዲየሟ ወደ ካሬ 15 ተሻገሩ። የትኛው እንደሚቆጠር አስቀድሞ ሕግ ስላልተጻፈ ሁለቱም ተሰረዙ። ሁለተኛው፣ «ሕፃን ልጅ አለ እዚህ ቤት» ብለው ነበር፤ ቪዲዮው ሲታይ መግቢያው ላይ ከመደርደሪያ ሥር አንዲት ትንሽ ጫማ ወጥታ ትታያለች። ጽዳቱን የሠራው ሰው ቆሞ ነው ያየው፤ ተንበርክኮ መታየት ነበረበት። ዓረፍተ ነገሩ ተሰረዘ። ሚዲየሟ ጫማዋን ማየታቸውን አላስታወሱም፤ ማስተባበያም አይደለም፣ ዓይን የሚያነሳው ነገር ሁሉ ለባለቤቱ አይነገርም።

ቀን 4። ሒሳብ

ፖስታው ተከፈተ። የነዋሪዎቹ 6 ካሬ ከሚዲየሟ 8 ካሬ ጋር ሲነጻጸር 3 ይገጥማል፦ 9፣ 27፣ 33።

ሦስት ብዙ ነው? ከ40 ካሬ 6ቱ «ትክክል» ከሆኑና አንድ ሰው 8 በጭፍን ቢመርጥ በአማካይ 1.2 ይገጥመዋል። 3 ወይም ከዚያ በላይ በዕድል የመግጠሙ ነገር ከመቶ 8 ያህል ነው፤ 4 ወይም ከዚያ በላይ ደግሞ ከመቶ 1 አይሞላም። ሥራው ሳይጀመር የተጻፈው መስመር «4 ከሆነ እንነጋገራለን» የሚል ነበር። ስለዚህ አላለፈም። አሁን መስመሩን ወደ 3 ማውረድ ቀላል ነው፤ አይደረግም።

የበለጠ የሚናገረው ሌላኛው ቁጥር ነው። ቤቱን አይተው የማያውቁ፣ ምንም «አይሰማንም» የሚሉ ሁለት ሰዎች ባዶውን ፕላን ብቻ ተሰጥቷቸው «መንፈስ ቢኖር የት ይሆን?» ተብለው 8፣ 8 መርጠው ነበር። አንዱ 2 ገጠመው፣ ሌላው 3። ሁለቱም ኮሪደሩንና የጫፉን መኝታ ክፍል መርጠዋል። ሰው የሚፈራበትን ቦታ ሰው ይገምታል፤ ደረጃ አናት፣ ጨለማ ጥግ፣ ረጅም መተላለፊያ። ስለዚህ የሚዲየሟ 27ና 33 ብዙ ክብደት የላቸውም። ካሬ 9 ግን ሌላ ነው። ተራ ዕቃ ማስቀመጫ ነው፣ ሁለቱም ገማቾች አልነኩትም፣ ከሦስቱ መራጮች ሽታ ብሎ ለይቶ የጠራ ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ያልተዘጋ» ተብሎ በቀይ ተጻፈ።

ንግግሩን መመዘን ከካሬ ይከብዳል። ከቅጂው 62 ዓረፍተ ነገር ወጣ፤ ሊጣራ የሚችለው 27 ብቻ ነው። «ደረቱን የሚያመው ሰው ነበር» ዓይነት ለማን ቤት አይሆንም? የሥነ ልቦና መምህሩ በርትራም ፎረር በ1948 ለተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የጠባይ መግለጫ የእያንዳንዳቸው አስመስሎ ቢሰጣቸው ለትክክለኛነቱ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጥተውታል። ስለዚህ የሚዲየሟ 27 ዓረፍተ ነገሮች ለሌላ ቤት ከተነገሩ 27 ጋር ተቀላቅለው ለነዋሪዎቹ ተሰጡ፤ የትኛው የእነሱ ቤት እንደሆነ አያውቁም። ለራሳቸው ቤት ለተነገረው 11 «ልክ ነው» አሉ፤ ለሌላው ቤት 9። ልዩነቱ ይኼው ነው።

ድምፅ፦ ባዶ ቤት ውስጥ ጥያቄ እየተጠየቀ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ 20 ሰከንድ ዝም እየተባለ የተቀዳ 40 ደቂቃ አለ። ቅጂው ያልታመቀ፣ 48 ኪሎኸርዝ። ሰው ሲያስል፣ ሆድ ሲጮህ፣ ወንበር ሲንቋቋ ወዲያው በአፍ ይነገራል፤ «ሆዴ ነው» ያልተባለ ሆድ ሳምንት ካለፈው በኋላ የሙት ድምፅ ይሆናል። አንዱ መቅጃ በስህተት ድምፅን ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግበት ቁልፍ በርቶበት ነበር። ጸጥታ ሲሆን ማጉያውን ስለሚከፍተው ሹሹታው ያብጣል፣ ያ ሹሹታ ሹክሹክታ ይመስላል። የዚያ መቅጃ ቅጂ በሙሉ ተጣለ።

ከቀረው ውስጥ 21ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሴኮንድ የማይሞላ ነገር አለ። አምስት ሰዎች በየተራ በጆሮ ማዳመጫ ሰምተው፣ ሳይነጋገሩ ጻፉ። የመጣው፦ «ተው»፣ «እማዬ»፣ «የውሃ ጠብታ»፣ «ምንም»፣ «አልሰማሁም፣ ደግማችሁ አሰሙኝ»። ከዚያ በኋላ ለአምስቱም «‹ተመለሱ› ይላል» ተባሉና ደግሞ ተከፈተላቸው። አራቱ በግልጽ ሰሙት። አንዷ «አሁን ሌላ ነገር ሆኖ ሊሰማኝ አልቻለም» አለች። ፍሪድሪክ ዩርገንሰን በ1959 የወፍ ድምፅ ሲቀዳ የሙታን ድምፅ አገኘሁ ካለ ጀምሮ የዚህ ሥራ ትልቁ ወጥመድ ይኼ ነው፤ ቃሉን ቀድሞ የነገረ ሰው ማስረጃውን በልቶታል።

ቀን 5፣ ሌሊት። አዳር

የመንፈስ መርማሪው ሃሪ ፕራይስ በ1937 እንግሊዝ ውስጥ የነበረውን የቦርሊ ቄስ መኖሪያ ለአንድ ዓመት ተከራይቶ 48 ታዛቢ አሰማርቶ ነበር። አደረጃጀቱ የሚደነቅ ነው። ድክመቱ ለታዛቢዎቹ ምን ሊገጥማቸው እንደሚችል የሚዘረዝር መመሪያ መታደሉ ነው። ኮቴ እንደሚሰማ የተነገረው ሰው ኮቴ ይሰማል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። እዚህ ለታዛቢዎቹ የተነገረው የመጸዳጃ ቤቱ ቦታ ብቻ ነው።

አራት ታዛቢ፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ተራው 90 ደቂቃ። ሁለት የሌሊት ካሜራ። መስኮቶች በተፈረመ የወረቀት ፕላስተር ታሸጉ። ኮሪደሩ ላይ ከወለል 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ጥቁር የስፌት ክር ተወጠረ። ደረጃው አናት ላይ ታልከም ዱቄት በወንፊት ተነፋ፤ በጣም ስስ፣ ወለሉ ከሥር እስኪታይ። ወፍራም ከሆነ ራሱ ይናዳል።

የተገኘው፦ ክሩ አልተነካም። ፕላስተሩ አልተነካም። ዱቄቱ ላይ ከፊት አራት፣ ከኋላ አምስት ጣት ያለው ትንሽ ዱካ፣ መሃሉ ላይ ቀጭን መስመር፤ አይጥ ከነጭራዋ። ካሜራው ላይ ከ7 ሰዓት በኋላ የሚንሳፈፉ 31 ነጭ ክቦች፤ ለሌንሱ የቀረበ ብናኝ የካሜራውን የራሱን ብርሃን መልሶ ሲያበራ ነው። ለማረጋገጥ ፎጣ ተራገፈ፤ መቶ ሆኑ።

ከምሽቱ 5፡20 እስከ 5፡50 ድረስ ግን ኮቴ ተሰማ፤ ሁለቱም ታዛቢዎች ለየብቻ ጽፈዋል፣ መቅጃውም ይዞታል። ጠ... ጠ... ጠ... እያለ ከኮሪደሩ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው። ቆሞ ለሚሰማው በእርግጥ የሚሄድ ነገር ነው። አዳሩን ሙሉ የመኝታ ክፍሉ በር አንዴ እንኳ አልተከፈተም።

ቀን 6። ኮቴውና በሩ

ኮቴው። ከኮሪደሩ ጣውላ ወለል ሥር የሙቅ ውሃ መዳብ ቧንቧ ያልፋል፤ 6 ሜትር፣ በአምስት ብረት ማቀፊያ በቀጥታ ከተሸካሚ እንጨቱ ጋር ታስሯል። አንደኛው ታዛቢ ያን ማታ ገላውን ታጥቦ ነበር። መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ በሚሊዮን 17 እጅ ይረዝማል፤ 6 ሜትር ቧንቧ በ40 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4 ሚሊ ሜትር ያጥራል። በልስላሴ አያጥርም፤ ማቀፊያው ይይዘዋል፣ ይወጠራል፣ ድንገት ያመልጠዋል። ጠ። ከዚያ የሚቀጥለው ማቀፊያ። ድምፁ የሚሄደው ለዚህ ነው። ሙከራ፦ ሙቅ ውሃ 15 ደቂቃ ተከፍቶ ተዘጋ፤ ከ11 ደቂቃ በኋላ ኮቴው ጀመረ። ጣውላው ተነስቶ በእያንዳንዱ ማቀፊያና በቧንቧው መካከል የጨርቅ ቁራጭ ገባ። ሙከራው ሦስት ጊዜ ተደገመ፤ ጸጥታ።

በሩ ግን አስቸገረ። ምላሱ በደንብ አይገባም፣ ይህ ቀን 2 ላይ ታይቷል። ሆኖም ቀን 3 ተከፍቶ ቀን 5 ያልተከፈተው ለምንድን ነው? ሚዲየሟ ስለነበሩ የሚለው መልስ በዚህ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ሰው አፍ ላይ ነበር። የሁለቱ ምሽቶች ቅጂ በድምፅ መተንተኛ ጎን ለጎን ተዘረጋ። የቀን 3 ቅጂ ላይ ከታች ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ 100 ኸርዝ፣ ከመቅጃው መነሻ ጀምሮ ያለና 4፡40 ላይ እንደ ቢላ የተቆረጠ። ቀን 5 ላይ የለም። 50 ኸርዝ መብራት ላይ የሚሠራ ሞተር የሚያጉረመርመው በዕጥፉ፣ በ100 ነው። ወጥ ቤት ያለው ጭስ ሳቢ ማራገቢያ ነው፤ ነዋሪዎቹ እራት ሠርተው ሲወጡ ሳያጠፉት ሄደዋል፣ መሣሪያ ያዡ ውሃ ሊጠጣ ገብቶ አጠፋው፣ አልጻፈውም።

ማራገቢያው አየር ሲስብ ቤቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። በሩ 1.6 ካሬ ሜትር ነው፤ 2 ፓስካል ብቻ ልዩነት ቢኖር 3 ኒውተን ያህል ግፊት ያርፍበታል፣ ምላሱ ያልያዘውን በር ለመክፈት ይበቃል። መስኮት ተዘጋ፣ ማራገቢያው በራ፣ በሩ ከ4 ደቂቃ በኋላ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ሥራው መቆም ነበረበት፤ ማራገቢያው አየር የሚስበው ከየት ነው የሚለው ጥያቄ ቀደም ብሎ መምጣት ነበረበት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚሸኝ ባለ ታንክ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ አለ። መስኮት ሁሉ ሲዘጋ ማራገቢያው በዚያው ቱቦ ቁልቁል ይስባል፤ የተቃጠለው ጋዝ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ቤት ይመለሳል። የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያው ከቀን 1 ጀምሮ በቦርሳ ውስጥ ነበር። ወጣ። 0። በ10 ደቂቃ 14። በ25 ደቂቃ ወጥ ቤቱ ውስጥ 48 ፒፒኤም። ከወጥ ቤቱ በላይ ካሬ 33፣ ቱቦው ጣሪያውን በሚበሳበት ክፍተት በኩል፣ 22። ሰው ሁሉ ወጣ፣ ጋዙ ተዘጋ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ እስኪያየው እንዳይለኮስ ተለጠፈበት። ነዋሪዎቹ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ሄደው የደም ምርመራ እንዲያደርጉ ተነገራቸው። በዚያው ዕለት የተባለው ጋዙ ከደም ውስጥ በተራ አየር ከ4 እስከ 5 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ ነው፤ ነገ ቢሄዱ ምርመራው ባዶ ሊያሳይ ይችላል።

ቀን 1 ላይ የተጻፈው 0 ውሸት አልነበረም፤ የለካው ግን መስኮቱ ክፍት፣ ማራገቢያው ጠፍቶ ያለውን ቤት ነው። የሚለካው በከፋው ሁኔታ ነው፦ መስኮት ዝግ፣ ማራገቢያ ሁሉ በርቶ፣ የሚነደው ሁሉ ነዶ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። ከሁሉም ሥራ በፊት። የቤት ማንቂያ ብቻ ማንጠልጠልም አይበቃም፤ በአውሮፓው ደረጃ የተሠራው በ50 ፒፒኤም የሚጮኸው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ቆይቶ ነው፣ በ22 ሌሊቱን ሙሉ ዝም ሊል ይችላል። ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ያስፈልጋል።

ዊልመር የተባለ የዓይን ሐኪም በ1921 አንድ አሜሪካዊ የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጣው የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አለ፦ ኮቴ፣ በአልጋ እግርጌ የሚታይ ሰው፣ ራስ ምታት፣ የሚጠወልጉ አትክልቶች። ምክንያቱ ጭሱን ወደ ቤት የሚመልስ የተበላሸ ማሞቂያ ሆኖ ተገኘ። ካሬ 33 ላይ የሚተኛው ነዋሪ ጠዋት ጠዋት ራሱን እንደሚያመው ቀን 1 ላይ ተናግሮ ነበር፤ «ከርዕሱ ውጭ» ተብሎ በኅዳግ ተጽፏል። እግርጌ የሚቆመው ሰው ደግሞ ራሱ ነዋሪው ዱካክ ብሎ ከሚጠራው ጋር የሚሄድ ነው፤ መንቃት፣ መንቀሳቀስ አለመቻል፣ ደረት ላይ ጭነት። ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ጡንቻን ሲያስር አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፤ የተቆራረጠ እንቅልፍ ያባብሰዋል።

እንግዲህ ሚዲየሟ «ራሴን ጫን አለኝ» ያሉት ጋዙን ነው? ያን ምሽት ማራገቢያው በርቶ ስለነበር ደስ የሚል ማብራሪያ ነው፤ ግን አይቆምም። ካሬ 33 ውስጥ የቆዩት ስድስት ደቂቃ ነው። በ22 ፒፒኤም በስድስት ደቂቃ ጤነኛ ሰው የሚሰማው ነገር የለም። ስለዚህ ለእሳቸውም ለመለኪያውም ነጥብ አልተሰጠም።

የቀሩት ጥቃቅኖች፦ መሐንዲሱ ቪክ ታንዲ በ1998 «አጠገቤ ሰው አለ» የሚል ስሜት ሊያመጣ ይችላል ብሎ ያሳወቀው፣ ለጆሮ የማይሰማ የ19 ኸርዝ ዝቅተኛ ድምፅ ተፈለገ፤ ኮሪደሩ 9 ሜትር ስለሆነ የዚያ ሞገድ ግማሽ ልክ ይገጥመዋል። ዝቅተኛ ድምፅ በሚይዝ ማይክሮፎን ተለካ (የስልክ ማይክሮፎን እዚያ አይወርድም)። ምንም። የፊደል ሰሌዳው ላይ የሚንሸራተተው ብርጭቆም ተሞከረ፤ ዓይን ተሸፍኖ ሰሌዳው ሳይነገር ሲዞር ብርጭቆው የሄደው ፊደሎቹ ቀድሞ ወደ ነበሩበት ባዶ ቦታ ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1853 በመንፈስ ጠሪዎች ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ የሚያንቀሳቅሰው የሰዎቹ እጅ መሆኑን ካሳየ ወዲህ አዲስ ነገር የለውም።

ከጥገናው ሦስት ሳምንት በኋላ

ማሞቂያው የራሱ አየር ከውጭ በሚያገኝ ተተክቷል፣ የጣሪያው ክፍተት ተደፍኗል፣ የበሩ ምላስ ተስተካክሏል። የነዋሪዎቹ ደብተር፦ ኮቴ 0፣ በር 0፣ ራስ ምታት 0፣ እግርጌ የቆመ ሰው 1 (ከጉዞ የተመለሱ ዕለት)፣ ሽቶ 2።

ካሬ 9 ስለዚህ አለ። አሮጌ የእንጨት ቁም ሣጥን ውስጡ የተፈሰሰበትን ሽቶ ለዓመታት ይዞ፣ አየሩ ሲሞቅና ሲረጥብ እንደሚለቅ የታወቀ ነው፤ ክፍሉ ውስጥም እንዲህ ዓይነት ቁም ሣጥን አለ። ሁለቱ የሽታ ቀኖች ግን ያለ እርጥበት መዝጋቢ አለፉ። ዛሬ ባለ 4 ቁጥሩ የሙቀት መዝጋቢ ተነስቶ እርጥበት የሚለካ መዝጋቢ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ሁለተኛ ደግሞ ከበሩ ውጭ ተቀምጧል፤ በየ5 ደቂቃው ይመዘግባሉ። ነዋሪዎቹ ሲሸታቸው ሰዓቱን ብቻ ይጽፋሉ፣ መዝጋቢውን አያዩም። ከ14 ቀን በኋላ ቁም ሣጥኑ ይወጣና ሌላ 14 ቀን ያለ እሱ ይቆጠራል። ለሚዲየሟም ውጤቱ እስኪወጣ ምንም አልተነገራቸውም፤ ሁለት ጊዜ ደውለው ጠይቀዋል።